የመደርደሪያው ወግ፦ ቦርኼስ እንደ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

1. መግቢያ

በአማርኛ “ወግ” የሚለው ቃል ሁለት ፍቺዎችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ጨዋታ፣ ጭውውት ማለት ነው፤ ሰዎች ቡና ከበው “ወግ ያዙ” ስንል ይህን ፍቺ እንወስዳለን። ሁለተኛው ሥርዐት፣ ደንብ፣ ተገቢ ነገር ማለት ነው፤ “ወጉ አይደለም”፣ “ለወግ ለማዕረግ በቃ” የምንለው በዚህ ፍቺ ነው። የሥነ ጽሑፍ ጥናታችን በጸሐፊው የግል ድምፅ የሚጻፈውን አጭርና ልል ዝርው ድርሰት በዚሁ ስም መጥራቱ የአጋጣሚ ነገር ቢመስልም ለሐያሲ ጥሩ መነሻ ይሆናል። መስፍን ሀብተ ማርያም “የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች” በሚል ርእስ መጽሐፋቸውን ለአንባቢ ካቀረቡ ወዲህ ወግ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የመጀመሪያው ፍቺ ነው። ሁለተኛው ይዘነጋል። ጥሩ ወግ ግን ሁለቱንም ይሠራል፤ አንባቢውን እያጫወተ ስለ ነገሮች ሥርዐት ይጠይቃል።

ይህ መጣጥፍ በዚህ ድርብ ፍቺ መነጽርነት የአርጀንቲናዊውን ደራሲ የኾርኼ ሉዊስ ቦርኼስን (1899–1986 እ.ኤ.አ.) ወጎች ይመለከታል። ቦርኼስ በዓለም አንባቢ ዘንድ የታወቀው በአጫጭር ልብ ወለዶቹ ሲሆን፣ በቃላት፣ በቋንቋ፣ በንባብና በጥቃቅን አስገራሚ ነገሮች ላይ የጻፋቸው ወጎች ብዙ ጊዜ የልብ ወለዶቹ ቅጥያ ተደርገው ይታያሉ። ስለ እርሱ የሚጻፈው ሒስም በአብዛኛው ወደ ፍልስፍና ያዘነብላል፤ ዘለዓለም፣ መስተዋት፣ ሕልም፣ ግራ የሚያጋባ ሕንጻ የመሳሰሉት ጉዳዮች ደጋግመው ይነሣሉ። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ከዚያ ይልቅ ወደ መሬት የቀረበ ነው። ቦርኼስ እንጀራውን ለረጅም ዘመን ያገኘው ከቤተ መጻሕፍት ነው። ወጎቹም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ወጎች ናቸው፤ ማለትም መጽሐፍ በየትኛው መደርደሪያ ይቀመጥ ከሚለው ተራ የሥራ ጥያቄ የፈለቁ ናቸው። እንዲህ ሲነበቡ ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም ይበልጥ ይገለጣል። ድክመታቸው ደግሞ በተለይ እኛን፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራንና ተማሪዎችን፣ የሚመለከት ነው።

2. የሥራው ጠረጴዛ

ቦርኼስ ከ1930ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ እስከ 1946 እ.ኤ.አ. ድረስ በቦነስ አይረስ ከተማ ሚጌል ካኔ በተባለ አነስተኛ የማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ ሠርቷል። በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ወጉ ይህንን ዘመን በምሬትና በፈገግታ መካከል ሆኖ ይተርከዋል። አሥራ አምስት ሰው የሚበቃው ሥራ ሃምሳ ያህል ሰው ተቀጥሮበት ነበር። የተሰጠው ሥራ መጻሕፍቱን መመደብና በካታሎግ ማስፈር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን አራት መቶ መጻሕፍት መዝግቦ አደረ። በማግሥቱ የሥራ ጓደኞቹ ገለል አድርገው፣ በዚህ ዓይነት ከቀጠለ የእነርሱ ስንፍና እንደሚጋለጥና ሥራውም ቶሎ እንደሚያልቅ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ የቀኑን ድርሻ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ቀሪውን ጊዜ ምድር ቤት ወርዶ ሲያነብና ሲጽፍ ያሳልፍ ነበር። የዳንቴን “መለኮታዊ ኮሜዲ” ያነበበው ከቤቱ ወደዚያ ሥራ በትራም ሲመላለስ ነው።

ይህ ታሪክ ለሐያሲ የሚጠቅመው ስለ ደራሲው ሕይወት ስለሚያወራ ብቻ አይደለም። ስለ ድርሰቱ ቅርጽም የሚናገረው ነገር አለው። መጽሐፍ ሲመዘገብ የሚጻፍበት ካርድ ትንሽ ነው፤ ስም፣ ርእስ፣ ዘመን፣ የገጽ ብዛት፣ ከተገኘም አንዲት አጭር ማብራሪያ ይይዛል። ሰፊው ነገር በጠባቡ ላይ ማረፍ አለበት። የቦርኼስ ወጎችም እንዲሁ ናቸው። ብዙዎቹ ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው፤ በመጽሐፍ ርእስና በዘመን ይጀምራሉ፤ አንድን ሰፊ ሐሳብ አንድ ጊዜ ያነሡና ሳያብራሩ ያልፋሉ። ረጅም ልብ ወለድ ከመጻፍ ይልቅ ልብ ወለዱ አስቀድሞ እንደ ተጻፈ ቆጥሮ ስለ እርሱ ማስታወሻ መጻፍ እንደሚሻለው ራሱ ተናግሯል። ይህን እንደ ብልኀት ብቻ የሚያዩት አሉ። የካታሎግ ሠራተኛ ዐይን ግን ሌላ ነገር ያያል፤ የማያነበውን መጽሐፍ ሁሉ በአጭሩ መግለጽ የዘወትር ሥራው የሆነ ሰው ያዳበረው ልማድ ነው።

በ1946 እ.ኤ.አ. ኹዋን ፔሮን ሥልጣን ሲይዝ ቦርኼስ ከቤተ መጻሕፍቱ ተነሥቶ የገበያ ዶሮዎችና ጥንቸሎች ተቆጣጣሪ እንዲሆን ተመደበ። ሹመቱ ለስድብ የታሰበ መሆኑ ስለገባው ሥራውን ለቀቀ። ፔሮን በ1955 እ.ኤ.አ. ሲወርድ አዲሱ መንግሥት ቦርኼስን የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲሬክተር አድርጎ ሾመው፤ ፔሮን ተመልሶ እስከ መጣበት እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያ ኀላፊነት ቆየ። ሹመቱን ባገኘበት ጊዜ ግን ዐይኑ ለማንበብ የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ሰብሳቢ የመሆኑን ጸጋና የመታወሩን ዕጣ በአንድ ላይ ያጣመረውን ምጸት በታወቀው የስጦታዎች ግጥሙ አንሥቶታል። ከእርሱ በፊት የቤተ መጻሕፍቱ ዲሬክተሮች ከነበሩት መካከል ሆሴ ማርሞልና ፖል ግሩሳክም ዐይነ ስውራን እንደ ነበሩ ማወቁ ምጸቱን ያከብደዋል።

3. የባቤል ቁጥሮች

ስለ ቤተ መጻሕፍት ከጻፋቸው ሁሉ የገነነው በ1941 እ.ኤ.አ. የወጣው “የባቤል ቤተ መጻሕፍት” ነው። ልብ ወለድ ቢሆንም አጻጻፉ ከወግ ብዙ አይርቅም፤ ገፀ ባሕርያት የሉትም ማለት ይቻላል፤ ያለው አንድ ያረጀ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ድምፅ ነው። መቼቱ ማለቂያ የሌላቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ናቸው። እያንዳንዱ መጽሐፍ 410 ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽ 40 መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር 80 ያህል ፊደል አለው። ምልክቶቹ በጠቅላላ 25 ናቸው፤ 22 ፊደላት፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ፣ አንድ ነጥብና ባዶ ቦታ። ከእነዚህ ሊገኙ የሚችሉት ድርድሮች ሁሉ በዚያ ይገኛሉ። በመሆኑም እውነተኛው ታሪክ አለ፤ ሐሰተኛው ታሪክም አለ፤ የሁሉም ማስተባበያ አለ፤ አብዛኛው ግን ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው።

410 በ40፣ በ80 ቢባዛ 1,312,000 ይሆናል። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሺህ የፊደል ቦታ አለ፤ በእያንዳንዱ ቦታም ከ25 አንዱ ይገባል። የመጻሕፍቱ ብዛት 25 በራሱ 1,312,000 ጊዜ የተባዛውን ያህል ነው። ቁጥሩ ማለቂያ ያለው ቢሆንም ከሰው ግምት ውጪ ነው። ሐያስያን በክፍሎቹ፣ በመደርደሪያዎቹና በመጻሕፍቱ ቁጥር ላይ ብዙ ምስጢር ሲፈልጉ ኖረዋል። ቦርኼስ ግን በሕይወት ታሪክ ወጉ ቁጥሮቹ በሚሠራበት በሚጌል ካኔ ቤተ መጻሕፍት ክንዱ ሥር ከነበሩት መደርደሪያዎችና መጻሕፍት የተወሰዱ መሆናቸውን ገልጧል። ቅዠቱ የተሠራው ከመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው።

ይህ መረጃ የድርሰቱን ጭብጥ ይለውጠዋል። የባቤል ሠራተኞች ሥቃይ የመጻሕፍት እጥረት አይደለም። ሁሉም መጽሐፍ አላቸው፤ ያጡት ካታሎጉን ነው። እውነተኛው ካታሎግ ከመደርደሪያዎቹ በአንዱ እንደሚገኝ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሐሰተኞቹ ካታሎጎች እልፍ ጊዜ ይበዛሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ያብዳሉ፣ አንዳንዶቹ መጻሕፍት ያጠፋሉ፣ አንዳንዶቹ ከተራራ የሚወርድ ነቢይ እንደሚጠብቁ ሰዎች አንድ ሁሉን ያነበበ ሰው ይጠብቃሉ። ደራሲው የሚለን፣ መጽሐፍ መኖሩ ብቻ ንባብ አይደለም ነው። ያልተመደበ፣ ሊፈለግና ሊገኝ የማይችል መጽሐፍ ከሌለ መጽሐፍ ብዙም አይለይም። በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የሠራ ሰው ይህን አባባል ያለ ፍልስፍና ይረዳዋል።

4. የዊልኪንስ ቋንቋና የእንስሳቱ ዝርዝር

የወጎቹ ቁንጮ በ1942 እ.ኤ.አ. የተጻፈውና በ1952 እ.ኤ.አ. “ሌሎች ምርመራዎች” በተባለው መድበል የገባው፣ ስለ ጆን ዊልኪንስ ቋንቋ የሚያወራው ወግ ነው። አነሣሡ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቦርኼስ የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ 14ኛው እትም ስለ ዊልኪንስ የነበረውን ጽሑፍ እንዳስቀረ አይቶ ይነሣል። ጉድለቷ እዚህ ግባ የማትባል ናት፤ ለሌላ አንባቢ እንኳንስ ወግ ቅሬታም አትወጣትም። ቀጥሎም የዊልኪንስ ዋና መጽሐፍ በአገሩ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንደማይገኝና ስለ መጽሐፉ ከሌሎች ጽሑፎች እንዳነበበ ይነግረናል። ወጉ እንግዲህ የሚጀምረው ከሁለት ባዶ ቦታዎች ነው፤ ከኢንሳይክሎፒዲያው ከጎደለ ጽሑፍና ከመደርደሪያው ከጎደለ መጽሐፍ።

ዊልኪንስ የ17ኛው ምእት ዓመት እንግሊዛዊ ሊቅና ጳጳስ ሲሆን በ1668 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም ቃል ፍቺውን በራሱ የሚናገርበት ዓለም አቀፍ ቋንቋ ለመፍጠር ሞክሯል። ዓለምን በ40 ክፍሎች ከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ባለ ሁለት ፊደል ቀለም ሰጠ፤ ለንኡስ ክፍሉ አንድ ተነባቢ፣ ለዝርዝሩ ደግሞ አንድ አናባቢ ጨመረ። “ደ” የሚመስለው ቀለም የባሕርያተ ዓለም ክፍል ከሆነ፣ አንድ ተነባቢ ሲጨመርበት እሳት፣ አናባቢ ሲታከልበት ነበልባል ይሆናል። የግእዝ ሥርወ ቃልን የተማረ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ የእኛ ሥር በተናጋሪዎች አፍ ለዘመናት ያደገ ሲሆን የዊልኪንስ ግን በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ የተሠራ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቦርኼስ ጥያቄውን ያነሣል፦ እነዚህ 40 ክፍሎች ከየት መጡ? የዊልኪንስን ምደባ ዝርክርክነት ካሳየ በኋላ ፍራንዝ ኩን ጠቀሰው ስለሚለው አንድ የቻይና ኢንሳይክሎፒዲያ ያወራል። ኩን በሕይወት የነበረ፣ የቻይና ልብ ወለዶችን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመ ሰው ነው፤ ኢንሳይክሎፒዲያው ግን የቦርኼስ ፈጠራ ነው። በዚያ እንስሳት ይመደባሉ፤ አንዱ ክፍል በባለቤታቸው፣ ሌላው ከሩቅ ሲታዩ በሚመስሉት ነገር፣ ሌላው አሁን በሠሩት ጥፋት፣ አንዱም በዚሁ ምደባ ውስጥ በመግባታቸው። ሚሼል ፉኮ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ቃላትና ነገሮች የሚያትተው መጽሐፍ ከዚህ ዝርዝር ካገኘው ሳቅ እንደ ተወለደ በመግቢያው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ከወጉ ይልቅ ዝነኛ ሆነ። ብዙዎች የሚጠቅሱትም የሩቅ ምሥራቅ እንግዳ አስተሳሰብ ምሳሌ አድርገው ነው።

ይህ አጠቃቀም ወጉን ግማሹን ይጥለዋል። ቦርኼስ የቻይናውን ዝርዝር እንደ ጨረሰ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ ወደ እውነተኛ ነገር ይሻገራል። ብራስልስ የነበረው የመጻሕፍት ዝርዝር ተቋም ዓለምን በ1,000 ክፍሎች መክፈሉን ያነሣና ቁጥሮቹን ይዘረዝራል። 262 የሮማ ፓፓ፣ 263 የሰንበት ቀን፣ 268 የሰንበት ትምህርት ቤቶች፤ በ294 ደግሞ ብራሕማኒዝም፣ ቡድሂዝም፣ ሺንቶና ታኦይዝም በአንድ ላይ ታጭቀዋል። ይህ ፈጠራ አይደለም። በየቤተ መጻሕፍቱ በሥራ ላይ የዋለ፣ ቦርኼስ ራሱም በሥራው የሚያውቀው ዓይነት የአመዳደብ ሥርዐት ነው። የቀልዱ ዒላማ ቻይና አይደለችም፤ የሳቀው በራሱ መሥሪያ ቤት ነው። ፈጠራውና እውነቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስቅ መለየት ያዳግታል፤ የወጉ ጥበብም እዚህ ላይ ነው።

መደምደሚያውም ሚዛናዊ ነው። ዓለም ምን እንደ ሆነች ስለማናውቅ ማንኛውም ምደባ ከግምት አያልፍም ይላል፤ ሆኖም የመለኮትን ዕቅድ ማወቅ አለመቻላችን የሰውን ዕቅድ ከመዘርጋት ሊያግደን አይገባም፣ ጊዜያዊ መሆኑን ብቻ እንወቅ ይላል። መጽሐፍ መድቦ የማያውቅ ፈላስፋ በመጀመሪያው ሐሳብ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን ነገ ጠዋት የሚመጡትን መጻሕፍት የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ስላለበት ሁለተኛውን ይጨምራል።

5. የጆሮ ንባብ

ዐይኑ ከደከመ በኋላ የቦርኼስ ንባብ በሌሎች አፍ ሆነ። እናቱ ሊዮኖር አሴቬዶ ታነብለትና የሚላትን ትጽፍለት ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒግማሊዮን በተባለ የመጻሕፍት መደብር ይሠራ የነበረው ወጣቱ አልቤርቶ ማንጌል ማታ ማታ ቤቱ እየሄደ ያነብለት እንደ ነበር ጽፏል። ማንጌልም ኋላ ራሱ ስለ ንባብ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ሆነ፤ ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ቦርኼስ በመራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲሬክተርነት አገልግሏል። ቦርኼስ ከዐይኑ መጥፋት በኋላ ለመጽሐፍ ጀርባውን አልሰጠም፤ እንዲያውም ከተማሪዎቹ ጋር የጥንት እንግሊዝኛን ማጥናት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የማይታዩትን ፊደላት በድምፃቸው ወደዳቸው።

በዚህ ዘመን በቃል ባቀረባቸው ንግግሮች፣ በተለይም በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ዐይነ ስውርነት በተናገረው ላይ፣ የአጻጻፉ ለውጥ ይሰማል። ዐረፍተ ነገሩ ቀሎ ይወርዳል፤ ጥቅሱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልቡ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይደጋግማል። ካርዱ ተጥሎ ትዝታው በቦታው ገብቷል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ትምህርት በቃል ይወርዳል፤ ዐይናቸው የማያይ መምህራን ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ፣ የተዘረፈውን ቅኔ በጆሮ ሰምተው ሲያርሙ መኖራቸው የታወቀ ነው። የጽሑፍ ሰው የነበረው ቦርኼስ በእርጅናው የደረሰበት ቦታ የእኛ የቃል ትምህርት ከሚጀምርበት ቦታ ጋር ይገናኛል። ንባብ የዐይን ብቻ ሥራ ነው ብሎ ለሚያስብ የዘመናችን ተማሪ ይህ ጠቃሚ ማስታወሻ ነው።

6. ሳቁ የቆመበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ለቦርኼስ ወጎች የሚያዳላ ነው። አሁን ወደ ጉድለታቸው እንምጣ።

የዊልኪንስ ወግ ምደባ ሁሉ ግምታዊ ነው ይላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ግምታዊ መሆን ሁሉንም እኩል አያደርግም። ወጉ በ294 ቁጥር ብዙ ሃይማኖቶች መታጨቃቸውን አሳይቶ ያስቀናል፣ ያስቃልም፤ ከዚያ ሳቁ ሁሉንም ሥርዐት በአንድ ዓይነት ሚዛን ያስቀምጣል። የቻይናው ፈጠራ፣ ዊልኪንስ፣ ብራስልስ ሁሉም እኩል እንግዳ ይሆናሉ። የተረሳው ጥያቄ፣ የምደባውን ዋጋ ማን ይከፍላል? የሚለው ነው።

ምሳሌውን ከራሳችን መስክ እንውሰድ። ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ የብራስልሱም ሥርዐት ምንጭ በሆነው የአሥርዮሽ ምደባ፣ ሥነ ጽሑፍ የ800 ክፍል ነው። የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ 810፣ የእንግሊዝ 820፣ የጀርመን 830፣ የፈረንሳይ 840፣ የኢጣልያ 850፣ የስፔን 860፣ የላቲን 870፣ የግሪክ 880 ነው። ከዚያ የቀረው የዓለም ሥነ ጽሑፍ፣ ሩስኛው፣ ዐረብኛው፣ ቻይንኛው፣ ስዋሂሊው፣ “ሌሎች” ተብሎ በ890 ይታጎራል። የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ በዚያ ውስጥ፣ ከሴም ቋንቋዎች ተርታ፣ ከነጥብ በኋላ 892.8 የምትል ቁጥር ደርሶታል። ጥንታዊ የግእዝ ድርሰትም ሆነ ዛሬ የሚታተም የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻቸው ይህችው ናት።

ቦርኼስ ሲስቅ የተቀመጠው የት እንደ ሆነ እዚህ ላይ ይታያል። የጻፈበት የስፔን ቋንቋ 860 የሚል ሙሉ ክፍል አለው። ከተደላደለ መቀመጫ ላይ ሆኖ ወንበሮች ሁሉ አስቂኝ ናቸው ማለት ይቀላል። ከነጥብ በኋላ ለተቀመጠ ግን ነገሩ ከቀልድ ያልፋል፤ መደርደሪያው ላይ የሚሰጠው ቦታ፣ የሚመደብለት ገንዘብ፣ የተማሪው ዐይን የሚያርፍበት ቅደም ተከተል ሁሉ ከቁጥሩ ጋር ይያያዛል። ይህ የቦርኼስን ወግ ውድቅ አያደርገውም። ጥያቄውን የጀመረው እርሱ ነውና ጥያቄውን እርሱ ካቆመበት አንሥቶ መቀጠል የአንባቢው ፋንታ ነው።

ፍርዱ ከልክ እንዳያልፍ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ቦርኼስ የራሱን አገር ሰዎች አነጋገር በተመለከተ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ተናጋሪ ያዘነበለበት ጊዜ አለ። በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ አርጀንቲናውያን ቋንቋ የጻፈ ሲሆን፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቦነስ አይረስን ስፓንኛ እንደ በሽተኛ የቆጠረውን ምሁር አሜሪኮ ካስትሮን በሰላ ምጸት ተሟግቶታል። በዚያ ሙግት ማን ስለ ማን ቋንቋ ይፈርዳል የሚለው ጥያቄ ሕያው ነው። በዊልኪንስ ወግ ውስጥ ግን ይህ ድምፅ ጠፍቷል። የራሱ ቋንቋ ሲነካ የዋጋውን ጥያቄ ያነሣ ጸሐፊ፣ የሌሎች ሲነካ በሳቅ አልፎታል።

7. ከእኛ መደርደሪያ

የእኛ ሊቃውንትም ቅደም ተከተል ራሱ ሙግት መሆኑን ያውቁ ነበር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ “መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ” በ1948 ዓ.ም. ሲታተም ቃላቱ የተደረደሩት ማንኛውም የፊደል ገበታ ቆጣሪ በሚያውቀው በሀለሐመ ተራ አልነበረም፤ በአበገደ ነበር። ሥራውን ለኅትመት ያበቁት ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ባወጡት “ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት” ይህንኑ ተራ ተከትለዋል። ሀሁ ብሎ ያደገ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት መጀመሪያ መንገድ ይጠፋዋል። ይህ ግን ግድ የለሽነት አይደለም። ተራው የግእዝን ከዕብራይስጥና ከሌሎች የሴም ቋንቋዎች ጋር ያለውን ዝምድና በየገጹ ይናገራል። በግእዙ መዝገብ ግሱ እንደ አባት ይቀድማል፤ ዘሩ ከሥሩ ይከተላል። አንባቢው ቃል ሲፈልግ ሳያውቅ ሰዋስው ይማራል። በአንጻሩ በ1993 ዓ.ም. የታተመው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል መዝገበ ቃላት በሀለሐመ ተራ ሲዘጋጅ ቅድሚያ የሰጠው ለአንባቢው ልማድ ነው። አንዱ ለቃሉ ዘር፣ ሌላው ለፈላጊው ጊዜ ቆሟል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱም አንባቢን የሆነ ነገር ያስከፍሉታል።

የዘወትሩ ጣጣ ደግሞ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። “ሐሳብ” የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በሳ ወይም በሣ። ስድስት በሁለት ሲባዛ ዐሥራ ሁለት ይሆናል፤ አንድ ቃል፣ አንድ ንባብ፣ ዐሥራ ሁለት መልክ። በባቤል ቤተ መጻሕፍት ፊደሉ የእኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓይነት የሚነበቡ፣ በመልክ ግን የተለያዩ መጻሕፍት ብዛት ሠራተኞቹን ምን ያህል ባሠቃያቸው ነበር! በእውነተኛው ቤተ መጻሕፍት ውጤቱ ቀላል አይደለም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ርእሱ በዐይኑ ዐ ይጀምራል፤ በአልፉ አ “አዲስ” ብሎ የሚፈልግ ተማሪ፣ በካርድም ይሁን በኮምፒዩተር፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቆሞ እያለ የለም ሊባል ይችላል። የሞክሼ ፊደላት ክርክር ለረጅም ጊዜ የውበትና የታሪክ ክርክር ሆኖ ቆይቷል። ከመደርደሪያው ሲታይ ግን የመገኘትና ያለመገኘት ክርክርም ነው።

የደራሲያን ስምም እንዲሁ ነው። የእኛ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱ ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁን በውጭ ዝርዝር ውስጥ “ዓለማየሁ” ብሎ የሚያሰፍር መዝጋቢ ልጁን ደብቆ አባትየውን ደራሲ ያደርጋቸዋል። የዘመን አቈጣጠሩም ሲጨመር፣ አንዱ መጽሐፍ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ የታተመ ይመስላል።

በመጨረሻም አንዲት የስም ጨዋታ እናንሣ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን በሕዝብ አፍ “ወመዘክር” ይባላል። ይህ “ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር” ከሚለው የተቈረሰ ነው። የግእዙ “ወ” “እና” ማለት ስለ ሆነ ስሙ ቃል በቃል “እና መዘክር” የሚል ይሆናል። ሕዝቡ መጻሕፍቱን ከስሙ አስቀርቶ መስተጻምሩን ይዞ ቀርቷል። ሰዋስው አዋቂ ስሕተት ሊለው ይችላል። ነገር ግን በ“እና” የሚጀምር ስም ከፊቱ አንድ የተተወ ነገር እንዳለ ዘወትር ያስታውሳል፤ ጎደሎው “ቤተ መጻሕፍት” ነው። ቦርኼስ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ከዚህች “ወ” አንድ ወግ ሳያወጣ የሚያልፍ አይመስልም።

8. ማጠቃለያ

የቦርኼስ ወጎች ጥንካሬ ከትንሽ ነገር መነሣታቸው ነው፤ ከጎደለ ጽሑፍ፣ ከመደርደሪያ ቁጥር፣ ከአንድ ቃል። ድክመታቸው ደግሞ ሥርዐትን ሁሉ በአንድ ሳቅ አስተካክለው ማለፋቸው ነው። በሁለቱም መንገድ ለአማርኛ ወግ ጸሐፊ የሚያስተምሩት አለ። ወጋችን እስካሁን የቡና ቤቱን፣ የሰፈሩን፣ የአውቶቡሱን ጨዋታ በሚገባ ይዟል። የመዝገበ ቃላቱን፣ የካታሎጉን፣ የፊደል ገበታውን ጨዋታ ግን ገና አልጠገበም። ለወግ ጸሐፊ የሚሆን ጉዳይ ሞልቷል፤ ያውም ሳቅ ብቻ ሳይሆን ሙግት ያለበት።

ለትምህርት ክፍሎቻችንም አንድ የሥራ ጥያቄ ይቀራል። ተማሪዎቻችንን ድርሰት እንዲተነትኑ እናስተምራለን፤ ድርሰቱ በየት ቁጥር፣ በየትኛው ሀ፣ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ግን አንጠይቃቸውም። አንድ ሴሚስተር ውስጥ አንድ ቀን ወደ ካታሎጉ ይዘናቸው ብንሄድና “ሐሳብ” የሚለውን ቃል በዐሥራ ሁለቱም መልኩ እንዲፈልጉ ብናደርግ፣ የትኞቹ መጻሕፍት እንደ ተገኙና የትኞቹ ተደብቀው እንደ ቀሩ በእጃቸው ቈጥረው ይመለሳሉ። ሒስ ከዚያ ቈጠራ ቢጀምር አያንስበትም።